ኤክሶጂነስ እና ገርበብ ያለው በር

ውሸት ለመጻፍ ብዬ በዚህ ዕድሜዬ ፊደል አልቆጠርኩም። የምነግራችሁ በገዛ ቤቴ የደረሰ ነው።

ሌሊት አልነበረም። በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው...

ከትንሿ ልጄ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ሥራዬ እቤቴ ቁጭ ብዬ ለአንድ ልብስ ሰፊ የሸሚዝ ቁልፍ መትከል ነው።

ትልቋ ልጄ አምና በሳንባ ሕመም ሞተችብኝ።

እሷ ከትምህርት ቤት የምትመለሰው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። እጄ በሥራ ስለሚያዝ፣ ሰዓቱ ሲደርስ በሩን ገርበብ አደርግላታለሁ። ገብታ ቦርሳዋን ትወረውርና ከኋላዬ ቆማ ፀጉሬን ትጎነጉናለች። ጫፉን በመስፊያዬ ክር ታስረዋለች።

"እማዬ፣ እኔ ባልኖር ማን ያሳምርሽ ነበር?" ትለኛለች።

ከሞተችም በኋላ በሩን ገርበብ ማድረጌን አልተውኩም። እጄ እንቢ አለኝ።

ከዚያ ትንሿ ማሳል ጀመረች...

ያው ሳል። የእህቷ ሳል።

ሐኪም ቤት አስተኟት። እዚያ ተሻላት። ቤት ስትመለስ ባሰባት። እንደገና ወሰድኳት።

ዶክተሯ "እናት፣ አይዞሽ። የእህቷ በሽታ አይደለም" አለችኝ። ከጎኗ ወደቆመው ተማሪ ዞር ብላም "ኤክሶጂነስ ይመስላል" አለችው።

"ምንድን ነው እሱ?" አልኳት።

"መነሻው ከውጭ ነው ማለት ነው። ከራሷ አካል የመጣ አይደለም። ቤትሽ ውስጥ ምን እንደሚገባ አጣሪ። ጭስ፣ አቧራ፣ ሻጋታ..."

ቃሉን ይዤ ጎልማሶች የምንማርበት ክፍል ሄድኩ። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ጻፈልን። እየቆጠርኩ አነበብኩት። ኤ... ክ... ሶ... ጂ... ነ... ስ።

አጠገቤ የሚቀመጡት ሽማግሌ ዘበኛ "የመኪና መለዋወጫ ነው እንዴ?" አሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅኩም።

መምህሩ አስረዳን። "ነፋስና ጎርፍ ተራራ ሲሸረሽሩ ኤክሶጂነስ ኃይል ይባላሉ፤ ከውጭ ነው የሚመጡት። እሳተ ገሞራ ከምድር ሆድ ይነሳል፤ እሱ ኢንዶጂነስ ነው። በሰውም እንዲሁ። ሰውነትሽ ራሱ የሚሠራው ኢንዶጂነስ፣ በመርፌ የሚሰጥሽ ኤክሶጂነስ።"

"መድኃኒትም?"

"መድኃኒትም። ቃሉ ከየት እንደመጣ ነው የሚናገረው። ክፉ ይሁን ደግ አይናገርም።"

ደስ ብሎኝ ወደ ቤት ሮጥኩ። ከውጭ የሚመጣ ነገር ይዘጋበታል! ወለሉን ፈተግኩ። ግድግዳውን ኖራ ቀባሁ። የመስኮቱን ስንጥቅ በቁርጥራጭ ጨርቅ ጠቀጠቅኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እንደ ልማዴ በሩን ገርበብ አድርጌ ቁልፌን መትከል ቀጠልኩ።

ወዲያው ትንሿ ሳለች...

ዞር ስል ጠዋት ፈትቼ የተውኩት ፀጉሯ ተጎንጉኗል። አንዲት ጉንጉን። ጫፏ በክር የታሰረ።

በእኔ ክር።

"ማን ነው የሠራሽ?"

"እሷ ናታ..." አለችኝ በሹክሹክታ።

"የቷ እሷ?"

"በር የምትከፍቺላት። እጇ ይቀዘቅዛል፣ እማ። እዚህ ደረቴ ላይ ታሞቀዋለች።"

መርፌዬን አስቀመጥኩ።

"እንዳትቆጪያት እሺ? የት ትሂድ?"

በማግስቱ ሰዓቱ ሳይደርስ በሩን ቀረቀርኩት።

ኳ... ኳ...

ከበሩ ዝቅ ብሎ፣ የልጅ እጅ የሚደርስበት ቦታ ላይ።

በበሩ ስንጥቅ አየሁ። ግቢው ውስጥ የተሰጣ ልብስ እንጂ ሰው የለም። ደጃፉ ላይ ግን ትንሽ ጥላ ወድቋል። ቦርሳ ያነገተ ጥላ።

"እማዬ..."

የቀሚሴን ጫፍ ነከስኩ።

ያን ቀን ትንሿ አንዴም አልሳለችም። በማግስቱም። ጉንጯ ሞላ፣ ግቢውን በሩጫ ታምሰው ጀመር። ጎረቤት ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ አለኝ።

ማንኳኳቱ ግን በየቀኑ እየደከመ ሄደ።

አንድ ቀን ከበሩ ማዶ "እማዬ፣ መሸብኝ..." አለች።

ፀሐይዋ ዓይን ትወጋ ነበር።

ልጄን ደጅ ማስመሸት አልቻልኩም። ትንሿን ይዤ እህቴ ዘንድ ሄድኩ።

"እህቴ፣ አንቺ ጋ ትደር። ጠዋት ጠዋት እየመጣሁ አያታለሁ።"

"እስከ መቼ?"

"እኔ ቤት መልሰሽ እንዳታመጪያት። ብለምንሽም እንዳታመጪያት።"

"ምን ነካሽ አንቺ?"

ልጄን አንገቷ ሥር ስሜ ወጣሁ። ሞቃለች። ደህና ናት።

ቤቴ ገባሁ። መርፌዬን ይዤ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ተቀመጥኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ... በሩን ገርበብ አደረግሁት።

አሁን የምስለው እኔ ነኝ።

ባለፈው ጊዜ ትምህርት ክፍል ስገባ ዘበኛው "እንዴ ሴትዮ፣ ዛሬማ አምሮብሻል! ማን ነው የሠራሽ?" አሉኝ። ፈገግ ብዬ ደብተሬን ገለጥኩ። ከውጭ የመጣ ነው እንዴት ልበላቸው?

ይህን የምጽፍላችሁ እቤቴ ሆኜ ነው። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ቦርሳ ወለሉ ላይ ሲወድቅ ሰምቻለሁ። ዞር አላልኩም።

ማጅራቴ ቀዝቅዟል...

ጭኔ ላይ ያስቀመጥኩት የክር ጥቅል ብቻውን እየዞረ፣ ቀስ እያለ ወደ ኋላዬ እየተሳበ ነው...