ከድንኳኑ ውጪ

ፌቨን እዮኤልን ያወቀችው፣ ሸዋ ሮቢት በሙቀት ስትነድ፣ የምትሠራበት ሆቴል የውሃ ፓምፕ የተበላሸ ቀን ነው። ጠጋኙ እሱ ነበር፤ ሲጨርስ ፊቱ ሁሉ ግራሶ ሆኗል። ሳሙና አቀበለችው። ዐይን ለዐይን ተያዩ። ከዚያ ወዲያ ደህናውን ፓምፕ «ልየው» እያለ ሲመላለስ ያልሳቀበት የሆቴል ሠራተኛ የለም።

እየተላመዱ ሲሄዱ ነገራት። ቀወት ገጠር ውስጥ ሴት ልጅ ተብሎ ነው ያደገው። ወንድ መሆኑን ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ጸጉሩን ተቆርጦ፣ ስሙን ለውጦ ከተማ ሲገባ ቤተሰቡ ፊት ነሳው።

«እስከዛሬ ለምን ደበቅከኝ?» አለችው።

«እንዳትሸሺኝ ብዬ።»

አልሸሸችም። ወደደችው እንጂ።

ብቸኝነቱ ግን ውስጡን ጎድቶት ነበር። እንቅልፍ አጣ፤ እህል አስጠላው። አንድ ቀን «መኖር ሰልችቶኛል» ሲላት እጁን ይዛ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሟ ድባቴ መሆኑን ነግራው መድኃኒት ሰጠችው። ፌቨንንም «ለብቻው አትተዪው» አለቻት።

መድኃኒቱን በጀመረ ሰሞን አባቱ ሞቱ። ፌቨን አብራው ወደ መንደሩ ሄደች።

ለቅሶው ላይ ወንዶቹ ድንኳን ውስጥ፣ ሴቶቹ ቤት ውስጥ ተቀምጠዋል። እዮኤል የትም አልገባም። ግቢው ጥግ፣ ግራሩ ሥር ብቻውን ተቀመጠ። የገዛ አባቱ ሞተው እግዜር ያጽናህ የሚለው ሰው ጠፋ።

ፌቨን ከሴቶቹ መሐል ሆና በበሩ አየችው። ብድግ ስትል፣ እዚያው መንደር ያገቡት አክስቷ ነጠላዋን ያዙ።

«እዚያ ከሄድሽ ከእንግዲህ ማን ያገባሻል?»

«እሱ ነዋ፣ እትዬ!»

ወጥታ ከጎኑ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ተመለሺ ፌቪ፤ ስምሽን ያጠፉታል።»

«ያጥፉት። እግዜር ያጽናህ፣ የኔ ጌታ።»

ይሄኔ እንባው መጣ። አብራው አለቀሰች።

እናቱ እትዬ ሸዋዬ ንፍሮ በሳህን ይዘው ከቤት ወጡ። ፌቨን ሊያባርሩን ነው ብላ ደነገጠች። እሳቸው ግን ልጃቸውን ትክ ብለው አዩት። አጥንቱ ወጥቷል።

«አብራችሁ ብሉ» አሉና እነሱው አጠገብ ተቀመጡ።

ሐዘንተኛዋ እዚያ ከተቀመጡ ለቀስተኛው ምን ያድርግ? አንድ በአንድ ከድንኳኑም ከቤቱም እየወጣ ወደ ግራሩ መጣ።

ፌቨን ንፍሮውን ዘግና መዳፉ ላይ አደረገችለት። እዮኤል በላ።