አሥራ ሦስተኛው በር

«ይሄ ቤት እኮ ካርታው ላይ የለም» አለች ሕፃን ያዘለች ሴት፣ ወረቀቷን ገልበጥ አድርጋ እያየች።

ልብስ ሰፊው ከወንበሩ ብድግ አለ። «ግድ የለም፣ ግቢ። ማህተም ባይሰጡኝም ወረቀትሽ ላይ በቀይ ክር ትንሽ ኮከብ እሰፋልሻለሁ።»

«አሥራ ሁለቱ ማህተም ካልሞላ ዕጣው ውስጥ አያስገቡንም» አለችና ወደ ዳቦ ቤቱ አለፈች። ልብስ ሰፊው ተመልሶ ተቀመጠ።

ሴት ልጁ ከመንገዱ ማዶ፣ ካርታ ከሚታደልበት ጠረጴዛ ኋላ ቆማ ሁሉንም ሰማች። ጆሮዋ ድረስ ጋለች። ካርታውን የሳለችው እሷ ናት።

አውቶቡስ ተራው አጠገብ ትልቁ የገበያ ሕንፃ ከተከፈተ ወዲህ ይሄ የመሀል ከተማ መንገድ ጭር ብሎ ከርሟል። ግማሹ ሱቅ ተዘግቷል። የቀሩት ባለሱቆች ከትምህርት ቤቱ ጋር መክረው ዛሬ ቅዳሜ መንገዱን ለመኪና ዘጉ፤ ሙዚቃ አመጡ፤ እያንዳንዱ በሩን ከፍቶ ሙያውን እንዲያሳይ ተስማሙ። የበሮቹን ዝርዝር ይዞ ካርታ መሳል የተማሪዎች ድርሻ ሆነ። ጎብኚው በየበሩ ካርታው ላይ ማህተም ያስመታል፤ ሁሉንም የሞላ ዕጣ ውስጥ ይገባል።

በሮቹን ሊመዘግቡ የወጡ ዕለት አብራት የነበረችው የክፍሏ ልጅ «ሬዲዮ» ናት። ሬዲዮ ከሌላ ከተማ የመጣችው ዘንድሮ ነው፤ ወሬዋ ስለማያልቅ ስሟን ያገኘችው ግን በሁለተኛው ቀን ነው። ልብስ ሰፊው ቤት ሲደርሱ፣ «ይሄን ቡቱቶ ቤትማ ዝለይው» አለች። «ሰው ጠርተን የተቀደደ ሱሪ ልናሳይ ነው?»

አባቷ ጀርባውን ሰጥቶ፣ አጎንብሶ ዚፕ እየቀየረ ነበር። ልጅቷ ሳቀች። ሳቋ ለራሷም ጆሮ ከልክ በላይ ረዘመባት። ከዚያ ሳትመዘግበው አለፈች።

ማታ አባቷ «እኔም ገባሁ?» ብሎ ሲጠይቃት «አዎ» አለች። ያቺ አንዲት ቃል ሳምንቱን ሙሉ ስትከተላት ሰነበተች። አባቷ ግድግዳውን ቀባ። የስፌት መኪናውን ዘይት አጠጣ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሃያ መርፌ ላይ ቀይ ክር ሰክቶ በትንሿ ትራስ ላይ ደረደራቸው። እስካሁን አንዱም አልተነካም።

«ስሚኝማ» አለች ሬዲዮ፣ የካርታ ጥቅል ታቅፋ እየመጣች። «እኚያ ሰውዬ አንጀቴን በሉት። ለሚያልፈው ሁሉ ብድግ፣ ቁጭ። የዘለላቸው ማነው ግን? ምን ዓይነት ጭካኔ ነው?»

«አንቺ ነሽ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ግን ሬዲዮ ያን ቀን ያለችውን ጨርሶ ረስታዋለች። እሷ የቀለደችው በማታውቀው ሰው ነው። አውቃ የሳቀችው ሌላ ናት።

መንገዱን ተሻገረች። ሬዲዮ እንደ ልማዷ እያወራች ተከተለቻት።

አባቷ ሲያያት ብድግ ብሎ ፈገግ አለ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ካርታውን አየሁት። ረስተውኝ ነው። ልጆች አይደላችሁ? እኔ እንደሆን አልከፋኝም። ለእኔ ብለሽ ከጓደኞችሽ እንዳትጣዪ፣ እሺ የኔ ልጅ?»

ከኋላዋ የሬዲዮ ወሬ ተቋረጠ። «አባትሽ ናቸው?» አለች በቀጭን ድምፅ።

«አዎ» አለች። ይህኛው «አዎ» እውነት ነበር፤ እሱም ግን አላቀለላትም።

ረስተውኝ ነው፣ ብሏል። ራሱ የሰጣት ማምለጫ ነው። ዝም ብትል አልቆ ነበር፤ ዛሬውኑ ስሙ በካርታው ላይ በእጅ ተጽፎ ይጨመራል፣ ሰው ይገባል፣ እሱም ደስ ብሎት ቤቱ ይሄዳል። ማንም ማንን አይጠይቅም።

«አልረሱህም፣ አባዬ» አለች። «ካርታውን የሳልኩት እኔ ነኝ። አይቼህ ነው ያለፍኩህ።»

የአባቷ ፈገግታ ወዲያው አልጠፋም፤ የት እንደሚያስቀምጠው የቸገረው ይመስል ፊቱ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። በውጭ ሙዚቃው ተቀየረ፤ አንዲት እናት ልጇን ጎትታ በሩን አለፈች።

ሬዲዮ የታቀፈችውን የካርታ ጥቅል መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ለምን?» አለ አባቷ። አልተቆጣም። ቢቆጣት በወደደች።

እግሯ ወደ ካርታው ጠረጴዛ መመለስ ፈልጎ ነበር። እሷ ግን የደንበኛ መቀመጫውን በርጩማ ሳበችና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች፤ ቀና ብላም አየችው።

«ስላፈርኩብህ» ብላ ጀመረች።