ለዘመድ ደረሰኝ አይቆረጥም

ሰውን የሚጎዳው ክፉ ሰው ብቻ ይመስለናል። ደግ ሰውም ይጎዳል፤ የእሱ ጥፋት ደግሞ ተቆጪ ስለማያገኝ ሥር ይሰዳል። የእንጅባራው ባለመድኃኒት ቤት ሽባባው ደግ ሰው ነበር። ይህን የማይመሰክርለት የከተማው ሰው የለም፣ ከአንዲት እናት በቀር።

መድኃኒት ቤቱ ከመናኸሪያው ወደ ገበያ በሚያወርደው መንገድ ዳር ነው። ጠዋት ጠዋት ሽባባው ነጭ ጋዋኑን ደርቦ ከባንኮኒው ኋላ ይቆማል። ሰው ሁሉ "ዶክተር" ይለዋል፤ እሱም አይደለሁም ብሎ አያውቅም። ዘመዱ ብዙ ነው። በቅርብ ካለው ገጠር ከትርባና ከዚያ ማዶ የአክስት ልጅ፣ የአጎት ሚስት፣ የክርስትና እናት ይመጣል። ሽባባው የጠየቁትን ከመደርደሪያው አንሥቶ በወረቀት ጠቅልሎ ያስጨብጣቸዋል። ዋጋ አይነግርም፣ ደረሰኝም አይቆርጥም። አባቱ በዚያው መንገድ ላይ ጨውና ላምባ ሲነግዱ "ለዘመድ ደረሰኝ አይቆረጥም" ይሉ ነበር። ደረሰኝ ለባዳ ነው፤ ዘመድን ከገበያተኛ እኩል ማሰለፍ በአገራችን ነውር ነው። ሽባባው ከአባቱ ሱቁንም ይሉኝታውንም አንድ ላይ ወረሰ።

በ2010 ዓ.ም. መስከረም ሲጠባ ከባሕር ዳር ባለሙያ አስመጥቶ በኮምፒዩተሩ ላይ የዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም አስጫነ። ባለሙያው ይሄነው ይባላል፤ ገና ወጣት ነው።

"ለእያንዳንዱ መድኃኒት ዝቅተኛ መጠን እንሞላለታለን" አለ ይሄነው። "በሸጡ ቁጥር ከክምችቱ ይቀንሳል። ክምችቱ ዝቅተኛው መጠን ላይ ሲደርስ ትእዛዙን ራሱ ጽፎ ለአከፋፋዩ ይልካል። አከፋፋዩ በሐሙስ መኪና ይጭንልዎታል። በየወሩ የማይቀሩትን ደግሞ ወር በገባ ቁጥር ያዛቸዋል።"

"እኔ ምንም ሳልነካ?"

"ምንም ሳይነኩ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ ከዚህ ቤት የሚወጣ ሁሉ በኮምፒዩተሩ ይለፍ። የተሸጠውም፣ በነጻ የተሰጠውም፣ የተሰበረውም። እሱ ዓይን የለውም፣ የነገሩትን ነው የሚያውቀው።"

"ይሄማ ምን ችግር አለው" አለ ሽባባው። እውነቱን ለመናገር ጆሮው የገባችው "ምንም ሳይነኩ" የምትለዋ ብቻ ነበረች።

ይሄነውም ቢሆን ለመንገዱ ቸኩሎ ነበርና የወሩን ትእዛዝ ዝርዝር ጫግኒ ካለ አንድ መድኃኒት ቤት ገልብጦ ሞላው። ጫግኒ ቆላ ነው። እንጅባራ ብርዱ አጥንት ሰብሮ የሚገባ ደጋ ነው። ስለዚህ ወር በገባ ቁጥር በካርቶን የታጨቀ የወባ መድኃኒት ይመጣል።

"ጋሼ፣ ይሄን ለማን እንሽጠው? ለበጎቹ ነው?" አለች ፋርማሲስቷ ናርዶስ በሁለተኛው ወር።

"ተይው፣ አይበላሽም። ማሽኑ ያውቃል።"

"ማሽኑ ምን ያውቃል? ዝርዝሩን እናስተካክለው። የዘመዶችህንም ነገር አስብበት። ትናንት ያለ ደረሰኝ የሰጠሃቸው የደም ግፊት ክኒኖች እዚህ ላይ ዛሬም አሉ ይላል። እኔ ከመደርደሪያው አጣኋቸው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነብኝ።"

"አንቺ ደግሞ፤ ለአክስቴ ልጅ ማሽን ላንጫጫባት ነው? ምን ትለኛለች?"

"ዋጋውን ዜሮ አድርገው። መውጣቱን ብቻ ጻፍ።"

"ኋላ ይጻፋል" አለ ሽባባው። ኋላ የሚባለው ቀን መቼ መጥቶ ያውቃል? ናርዶስም ተቀጣሪ ናት፤ ሁለቴ ተናግራ ሦስተኛውን ዋጠችው።

በዚያ ሰፈር ዋጋዬ የምትባል ድንች ነጋዴ ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላት አንዲት ልጅ ሶስና ናት። ሶስና በስኳር በሽታ የተያዘችው ገና በሕፃንነቷ ነው፤ ያለ ኢንሱሊን አንድ ቀን መዋል አትችልም። ስምንተኛ ክፍል ስትደርስ መርፌዋን ራሷ ትወጋ ጀመር። ጠዋት ብልቃጧን አንሥታ "እማ፣ ቁርሴን ልብላ" ትላለች፤ ዋጋዬ በዚህ ቀልድ አንድም ቀን ስቃ አታውቅም። ኢንሱሊኑ የሚገዛው ከሽባባው ነው፤ በፍሪጅ አስቀምጦ የሚሸጥ በአቅራቢያቸው እሱ ብቻ ነበር።

ጥር ገባ። ጥር የሠርግ ወር ነው፣ ናርዶስም የእህቷን ሠርግ ልትውል ፈቃድ ጠይቃ ጫግኒ ወረደች። ዋጋዬ በፔርሙስ በረዶ ይዛ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። ሽባባው ፍሪጁን ከፈተው። የኢንሱሊኑ ቦታ ባዶ ነው።

"አልቋል እኮ" አለ፣ ብዙም ሳይደነግጥ። "ግን አይዞሽ። ሲያልቅ ራሱ ያዛል፣ ትእዛዙ ሄዷል ማለት ነው። በሐሙሱ መኪና ይገባል።"

"እቤት ያለው ጭላጭ ነው ዶክተር። ዳንግላ ሄጄ ልፈልግ ይሆን?"

"ምን ያንከራትትሻል? ለአንድ ብልቃጥ ዳንግላ ድረስ? እኔ እያለሁ?"

ዋጋዬ አመነችው። ለምን አታምነው? ተምሯል፣ ኮምፒዩተር አለው፣ ደግሞም ክፉ ተናግሯት አያውቅም። ባንኮኒው ላይ ከእጁ አንድ ክንድ ርቆ የተቀመጠውን ኮምፒዩተር ከፍቶ ቢያይ ኖሮ ነገሩ በዚያው ያበቃ ነበር። አላየም። ምንም ሳይነካ የሚሠራ ነገር ገዝቶ የለ?

ሶስና ጭላጩን ለመቆጠብ መጠኗን ቀነሰች። እናቷ አላዘዘቻትም፣ ራሷ ናት የወሰነችው። ሐሙስ መኪናው መጣና የወባ መድኃኒት አራግፎ ሄደ። ዋጋዬ ስትመጣ ሽባባው ካርቶኑን ገልብጦ ፈተሸ፤ ኢንሱሊን የለም።

"መንገድ ላይ ቢሆን ነው። በዓል ስለሆነ ተጨናንቀው ነው። ነገ ተመለሺ።"

በማግስቱ ሶስና ውኃ ጠጥታ የማትረካ ሆነች። ከዚያ ያስመልሳት ጀመር። ጎረቤት "የሠርግ ቤት ጮማ ነው፣ ሆዷን አሞት ነው" አለ፤ ዋጋዬም ጤና አዳም አጠጣቻት። ሌሊቱን ልጅቱ እንደ ሯጭ ስታለከልክ አደረች።

ሲነጋ ጥር ሃያ ሦስት ነው። በእንጅባራ ይህ ቀን የፈረሰኞች በዓል ነው። ከየገጠሩ የመጣው ፈረስ በቀይና በቢጫ ጥልፍ አጊጦ መንገዱን ሞልቶታል። ሽባባው የመድኃኒት ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ያያል። አጎቱ አቶ አበረ ከትርባ ፈረሳቸውን ሸልመው መጥተዋል፤ እጃቸውን አንሥተው ሰላም አሉት፣ እሱም እጅ ነሣ። ናርዶስ ከጫግኒ የተመለሰችው በዚያው ሰዓት ነው፤ ቦርሳዋን ገና አላስቀመጠችም። ዋጋዬ ሰውና ፈረስ እየገፋች ደረሰች።

"ልጄ ልትሞትብኝ ነው" አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

ናርዶስ አንድ ሁለት ጥያቄ ጠየቀቻትና ፊቷ ተለወጠ። "አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰጃት። በሸክምም ቢሆን። እዚህ ምንም አትጠብቂ" አለቻት። ዋጋዬ ተመልሳ ሮጠች። ናርዶስ ኮምፒዩተሩን ከፈተች።

"ጋሼ፣ ስድስት ብልቃጥ አለ ይላል።"

"እንዴት ስድስት? ባዶ ነው እኮ!"

"ለእሱ ስድስት አለ። ስድስት ካለ ደግሞ አያዝም። ምንም ትእዛዝ አልሄደም።" ቀና ብላ አየችው። "ለማን ሰጠሃቸው? አስብ። አንዱ ዘንድ ትርፍ አይጠፋም፤ ሆስፒታል ቢያጥርባቸው እናደርስላቸዋለን።"

ሽባባው ግንባሩን ያዘ። ለማን ነው የሰጠው? በገና ሰሞን መድኃኒት ቤቱ በዘመድ ተጨናንቆ ነበር። አንዱን ስሞ፣ ሌላውን አቅፎ፣ በወረቀት እየጠቀለለ አስጨብጧል። ለአክስቱ ልጅ ደወለ፤ "እኔ የወሰድኩት የግፊት ነው" አለችው። ለሌላ ደወለ፤ ኔትዎርክ የለም። ዳንግላ ላለው ባለመድኃኒት ቤት ለሀቢብ ደወለ።

"አለኝ" አለ ሀቢብ። "በመጀመሪያው ሚኒባስ እልክልሃለሁ። ግን መንገዱ ዛሬ በፈረሰኛ የተሞላ ነው፣ ምን ያህል እንደሚቆይ እንጃ። ሽባባው፣ ቀደም ብለህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?"

ሐኪሞቹ የሚቻላቸውን ሁሉ አደረጉ፤ መድኃኒትም አላጠራቸውም፤ ጊዜ ግን አልነበራቸውም። የሶስና ደም በቀናት ውስጥ ቀስ በቀስ ሲመረዝ ሰንብቷል። ፈረሰኞቹ እየጨፈሩ ወደየመንደራቸው ሲመለሱ ልጅቱ አረፈች። የሀቢብ ብልቃጥ በበረዶ ተጠቅልሎ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላሉ አበው።

ለቅሶው ላይ ሽባባው ከድንኳኑ ጥግ ተቀመጠ። ማንም አልወቀሰውም። "ቀኗ ነው፣ እግዜር የጻፈው አይቀር" እያሉ እሱን ራሱን አጽናኑት። ናርዶስ ብቻ አጠገቡ ተቀምጣ "ቀኗ አልነበረም" አለችው፣ ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። በዚህ መሀል አቶ አበረ ደረሱና ስለ ሟቿ ጠየቁ። በምን እንደሞተች ሲነገራቸው ራሳቸውን በመዳፋቸው መቱ።

"ኢንሱሊን ጠፍቶ? እኔ ቤት ሦስት ነበር እኮ! ሽባባው ለስኳሬ ብሎ ለገና የሰጠኝ። እንዳይሞቅ እርጥብ አሸዋ የሞላ ገንቦ ውስጥ ለክፉ ቀን ብዬ አስቀምጬው፣ ዛሬም አለ። ያን ዕለት በፈረስ ሳልፍ ሰላም ብሎኛል። ምነው ቢጠይቀኝ? ምነው ሰው ቢልክብኝ?"

ዋጋዬ ነጠላዋን ከዓይኗ ላይ ገለጠች።

"ትርባ?" አለች። "ትርባ ነው ያለው? እኔ በእግሬ እሄድ ነበር።"

ነጠላዋን መልሳ ተከናነበች። ሽባባው ግን ምነው በሰደበችኝ አለ። አጎቱን ዓይን ለዓይን አይቶ ሰላም እያለ አላስታወሳቸውም። ባልቆረጠው ደረሰኝ የዘመዱን ክብር የጠበቀ መስሎት ነበር፤ ብልቃጡን ከፍሪጁም፣ ከኮምፒዩተሩም፣ ከገዛ ራሱም እንደ ሸሸገው የገባው ከሬሳ በኋላ ነው።

በማግስቱ መድኃኒት ቤቱን ዘግቶ ከናርዶስ ጋር መደርደሪያውን አንድ በአንድ ቆጠረ። ከግማሽ የሚበልጠው ከኮምፒዩተሩ ጋር አልገጠመም። የወባውን ትእዛዝ ሰረዙት። ለእንጅባራ ብርድና ለእንጅባራ ሕመምተኛ የሚሆን አዲስ ዝርዝር ሞሉ። ናርዶስ በየሳምንቱ ቅዳሜ ፍሪጁን በዓይኗ እንድታይ፣ ትእዛዝ መሄዱንም በስልክ እንድታረጋግጥ አደረገ።

ሁዳዴ ከገባ በኋላ አቶ አበረ መጡ። ሽባባው ኢንሱሊኑን ካወጣ በኋላ ወደ ኮምፒዩተሩ ዞረ። ማሽኑ ተንጫጫና ወረቀት ተፋ።

"ምንድን ነው ይሄ?" አሉ አጎቱ።

"ደረሰኝ ነው ጋሼ። ዋጋው ዜሮ ነው፣ ገንዘብ አልጠይቅዎትም። መውጣቱን ነው የጻፍኩት።"

"ለእኔ? ለአባትህ ወንድም? ስሜ ከገበያተኛ ጋር ይሰለፍ?"

"ይሰለፍ ጋሼ። ደረሰኙ ለእርስዎ አይደለም፣ ከእርስዎ በኋላ ለሚመጣው ሰው ነው። የእርስዎን አንዱን ብልቃጥ ይዘው ይሂዱ፤ ሲያልቅ ሌላ አለ። የሚጠራቀም ግን አልሰጥም።"

"አባትህ ቢያይህ" አሉ አቶ አበረ። ብልቃጡን ወሰዱ፣ ደረሰኙን ባንኮኒው ላይ ጥለው ወጡ። ከዚያ ወዲህ በዘመድ መሀል "ሽባባው ተለወጠ፣ ገንዘብ አዞረው" ይባላል። ለፋሲካም የጠራው ሰው አልነበረም። ይህንን ሰምቶ ያዝናል፤ ያም ሆኖ ወረቀቱ ይታተማል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ መሣሪያውን አትውቀሰው። የነገሩትን በታማኝነት ያምናል፤ የደበቁትን አያውቅም። ያላየኸውን "አለ" አትበል። ያልላክኸውን "ይመጣል" ብለህ ሰውን ከመንገዱ አታስቀር። ለዘመድህ ስትሰጥ የጻፍካት አንዲት መስመር የማታውቀው ሰው ልጅ ነፍስ ልትሆን ትችላለች።

ዋጋዬ ዛሬም ድንቿን ተሸክማ በመድኃኒት ቤቱ ፊት ታልፋለች፤ እዚያ ስትደርስ ወደ ማዶው ዳር ትሻገራለች። ሽባባው በመስኮቱ ያያታል። እሷ ደጃፉን ከረገጠች ወዲህ ብዙ ጊዜ ሆኗል። ራሷን ሲያማት፣ ለአንዲት የራስ ምታት ክኒን፣ ሚኒባስ ተሳፍራ ዳንግላ ትሄዳለች።