ከወረቀቱ ጀርባ ያለው ዜማ

«አሥር ደቂቃ አለሽ» አሉ ጋሽ ጉልላት፣ ወረቀቱን ለታቢታ ሰጥተው ቫዮሊኗን ከእጇ እየተቀበሉ። «ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለሽ እዪው። ከዚያ የሰማሽውን መጥተሽ ትጫወቺልኛለሽ።»

የሚያስተምሩት እንዲህ ነበር። አዲስ ዜማ ሲሰጡ ራሳቸው ተጫውተው አያሰሙም፤ ተማሪው ኖታውን እያየ ድምፁ በውስጡ እስኪሰማው ድረስ መሣሪያ አያስነኩትም። ሲሳሳትም «ተሳሳትክ» አይሉም። «የቱ ጋ ነው ያልወደድከው?» ብለው ይጠይቁና መልሱን ይጠብቃሉ። ኪሩቤል የሚባለው ተማሪ አንዴ ሩብ ሰዓት አስጠብቋቸዋል።

ታቢታ ግን አስጠብቃቸው አታውቅም። ኖታ ማንበብም አታውቅም።

በመዘምራን መካከል ያደገች ልጅ ናት፤ አንዴ የሰማችው ዜማ ከጣቶቿ አያመልጥም። ወረቀት በተሰጣት ቁጥር ከአዳራሹ ጀርባ ጓደኛዋ ሳያት ኖታውን እያነበበች በሹክሹክታ ታዜምላታለች። ታቢታ ገብታ ዓይኗን ወረቀቱ ላይ ተክላ ትጫወተዋለች። ሁለት ዓመት በዚህ አለፈ። አሁን ለሚሊኒየሙ በዓል በሚዘጋጀው ኮንሰርት የፊተኛው ወንበር የእሷ ነው። ነገሩ ከታወቀ ወንበሩ የኪሩቤል ይሆናል፤ ኪሩቤል ደግሞ አፉን ዘግቶ የሚቀመጥበት ልጅ አይደለም።

ሳያት ዛሬ የለችም። ይርጋለም ከተማ፣ አክስቷ ጋ ሄዳለች።

«ቲቸር፣ ይሄን ሌላ የሚጫወተው ሰው አለ?» ብላ ሞከረች።

«ማንም የለም። ትናንት ማታ ለአንቺ ብዬ የጻፍኩት ነው።»

ሐይቁ ዳር ካለው ሾላ ሥር ተቀመጠች። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው፤ ጉሙ ከውሃው ላይ አልተነሳም። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ክንፋቸውን አጥፈው እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ ይንጎራደዳሉ። ታቢታ ጥቁሮቹን ነጥቦች አፍጥጣ ስታያቸው ቆየች፤ ቆይተው ከመስመራቸው ወርደው ውሃው ላይ የሚንሳፈፉ መሰላት። አንዲት ጀልባ ድምፅ ሳታሰማ ከጉሙ ወጥታ ተመልሳ ጉሙ ውስጥ ገባች። ያኔ ከየት እንደሆነ ያላወቀችው ዜማ መጣላት። ቀስ ያለ፣ ሊያልቅ ሲል እንደገና የሚነሳ ዜማ ነበር። ከወረቀቱ እንዳልመጣ ታውቃለች።

ገብታ እሱኑ ተጫወተችው። ኪሩቤል እንኳ ማስቲካውን ማኘክ ረሳ። ጋሽ ጉልላት ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ሲገልጡ ወረቀቱን ተቀብለው ገለበጡት፤ አንዴ አስደግመዋት የተጫወተችውን ጀርባው ላይ በእርሳስ በኖታ ጻፉት። ልጆቹ ወጥተው እስኪያልቁ ጠብቀው ወረቀቱን መለሱላት።

«እኔ የጻፍኩት ሌላ ነበር» አሏት በዝግታ።

ታቢታ ጆሮዋ ጋለ።

«ይሄኛው ይሻላል። የራስሽ ነው። የሚቀጥለው ቅዳሜ ከዚህ ላይ እያነበብሽ ትጫወቺዋለሽ።»

ሌላ ነገር አልጠየቋትም።

እሑድና ሰኞ እንደ ልቧ ተጫወተችው። ማክሰኞ መሐሉ ጠፋ። የሌላ ሰው ዜማ ረስታ አታውቅም፤ ይሄኛው ግን ከእንቅልፍ ሲነቁ እንደሚሸሽ ሕልም ስትከተለው ይርቃታል። ረቡዕ መጀመሪያው ብቻ ቀረ። ወረቀቱን አልጋዋ ላይ ዘርግታ አየችው። ሁሉም እዚያ አለ፤ አንዱንም ልታወጣው አልቻለችም።

ሐሙስ ሳያት ተመለሰችና ታሪኩን ሰማች።

«ሸወድሽው በቃ!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ወረቀቱን ስታይ ሳቋን ተወችው። «እንዴ፣ ይሄ እኮ አሪፍ ነው። ያንቺ ነው? ሙድ እየያዝሽብኝ እንዳይሆን።»

«የእኔ ነው።»

«በይ ስሚ።» ሳያት ጉሮሮዋን ጠርጋ የመጀመሪያውን ድምፅ አወጣች።

ታቢታ የሳያትን አፍ በመዳፏ ከደነችው።

«ምን ሆንሽ አቦ?» አለች ሳያት የታቢታን እጅ ከአፏ ላይ አንስታ። «ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ነው። ወንበሩን ለኪሩቤል በገዛ እጅሽ ልታስረክቢው ነው?»

ታቢታ ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችው። የገዛ ዜማዋን ከሰው አፍ መስማት እንዳልፈለገች ለሳያት እንዴት እንደምታስረዳት አላወቀችም።

ቅዳሜ የጀማሪዎቹ ክፍል የሚገባው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ታቢታ ከእነሱ ጋር ገባች። ጋሽ ጉልላት ሰሌዳው ላይ አምስት መስመር እያሰመሩ ነበር።

«ተሳሳትሽ እንዴ? የእናንተ ክፍል አራት ሰዓት ነው።»

«ቲቸር፣ እኔ ኖታ ማንበብ አልችልም።»

ጠመኔው ሦስተኛው መስመር ላይ ቆመ።

«ኮንሰርቱ አምስት ሳምንት ነው የቀረው» አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «የፊተኛው ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ማንበብ አለበት።»

«አውቃለሁ። ኪሩቤል ይቀመጥበት።»

«እሺ» እንደማለት ራሳቸውን ነቀነቁና ማስመሩን ቀጠሉ። አንዲት የፊት ጥርሷ የወለቀ ትንሽ ልጅ ቦርሳዋን ከአግዳሚው ላይ አንስታ ቦታ ለቀቀችላት። ታቢታ ጉልበቷ ደረቷን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ዝቅ ብላ ተቀመጠች።

«መስመሮቹ ከታች ነው የሚቆጠሩት» አለቻት ልጅቷ፣ ትልቅ ሚስጥር እንደምታካፍል ሰው ወደ ጆሮዋ ተጠግታ።

ታቢታ ወረቀቱን ዘረጋች። ጣቷን የመጀመሪያው ነጥብ ላይ አሳርፋ፣ ከታች ጀምራ መቁጠር ያዘች።