ዱባ ደሴ ትደርሳለች!

ልጆች፣ ቀበቷችሁን እሰሩ። አሰራችሁ? በሉ እንሂድ፤ መንገዱ ረጅም ነው።

ዱባ መኪና ናት። ክብ ናት፤ ብርቱካናማ ናት፤ አሮጌ ናት። በጣም አሮጌ!

ስትነሳ «ጥር ጥር ጥር… ብርርር!» ትላለች። ስትጣራ «ፓፕ! ፓፕ!» ትላለች። አንዳንድ ቀን ደግሞ ጭጭ ትላለች።

ያን ጊዜ የሰፈሩ ሰው ወጥቶ ይገፋታል።

ዱባን የገዟት የትርሲት አያት ናቸው። አባባ ዛሬ በሕይወት የሉም። ዱባ ግን አለች፤ ግቢው ውስጥ፣ ከትርሲት መስኮት ሥር ታድራለች።

ትርሲት ስድስት ዓመቷ ነው። አንድ ነገር ካለች፣ አለች ነው።

አንድ ቀን ከደሴ ስልክ ተደወለ። የደወለችው አክስቷ ምንትዋብ ናት። «ላገባ ነው!» አለች።

እልልልልል! ቤቱ በእልልታ ተሞላ።

አክስት ምንትዋብ ልጅ ሳለች ትምህርት ቤት የምትሄደው በዱባ ነበር። «አባባ፣ ሳገባም በዱባ ነው የምሄደው» ትል ነበር። አባባም «እሺ፣ ቃሌ ነው» ብለዋት ነበር።

አሁን ግን አባባ የሉም። ቃላቸው ብቻ ቀርቷል።

«ታዲያ እኛ አለን አይደል?» አለች ትርሲት። «ዱባን ይዘንላት እንሂድ!»

አባዬ ራሱን አከክ አከክ አደረገ። ደሴ ሩቅ ነው። ዳገት አለ፤ ቁልቁለት አለ፤ እንደገና ደግሞ ዳገት አለ።

«ትርሲዬ፣ ትደርሳለች ብለሽ ነው?»

«ትደርሳለች!» አለች ትርሲት።

ጎረቤታቸው ጋሽ በላቸው በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አሰገጉ። ጋሽ በላቸው ሰው ማብሸቅ ይወዳሉ።

«ማን? ይቺ?» አሉ። «ይቺማ ለወጥ ነው የምትሆነው! ሰንዳፋ እንኳ አትደርስም።»

«ትደርሳለች!»

«እሷን ስገፋ አይደል እንዴ ወገቤ ያለቀው? መንገድ ላይ ማን ሊገፋላችሁ ነው?»

የትርሲት ጉንጭ ቀላ። መሬቱን በእግሯ መታች። «ማንም አይገፋትም! ማንም ሳይገፋት ደሴ ትደርሳለች!»

አለች። አንድ ነገር ካለች ደግሞ፣ አለች ነው።

እማዬ ለሠርጉ ሥራ ቀድማ በአውቶቡስ ሄደች። አባዬና ትርሲት ዱባን አጠቡ፤ ዘይቷን ለወጡ፤ ጎማዋን ነፉ።

ሠርጉ እሑድ ጠዋት ነው። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ አባዬ ቁልፉን አዞረ።

«ጥር ጥር ጥር… ብርርር!»

«አየሽ? ማንም አልገፋትም!» አለች ትርሲት ለአሻንጉሊቷ።

ሰንዳፋ ደረሱ። ሰንዳፋን አለፉ! ትርሲት በመስኮቱ ወደ ኋላ እያየች «ጋሽ በላቸው፣ ሰንዳፋን አለፍን!» ብላ ጮኸች። ጋሽ በላቸው ግን ቤታቸው ተኝተዋል፤ አልሰሙም።

ደብረ ብርሃን ብርድ ነው። ትርሲት ጋቢ ውስጥ ገባችና አፍንጫዋን ብቻ አወጣች።

ጣርማ በር ጉም ነው። መንገዱ ዳር ጭላዳ ዝንጀሮዎች ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። ትልቁ ዝንጀሮ ቀና ብሎ ዱባን አየ። «ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» ያለ መሰለ።

ከዚያ መንገዱ ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፍበት ዋሻ መጣ። ጨለማ! ትርሲት ዓይኗን ጨፈነች።

«ፓፕ!» አለች ዱባ።

«ፓፕ… ፓፕ… ፓፕ…» አለ ዋሻው።

ትርሲት ሳቀች። ዓይኗን ስትከፍት ብርሃን ሆኗል።

ደብረ ሲና ላይ አንዲት ሴት ቆሎ በትልቅ ቅርጫት ይዘው ቆመዋል። እትዬ አስካለ ይባላሉ።

«ልጄ፣ ልጄን ልጠይቅ ደሴ እሄዳለሁ፤ አውቶቡሱ አመለጠኝ» አሉ።

በመንገድ ላይ የቆመ ሰው እንዴት ይታለፋል? አባዬ በሩን ከፈተ። «ይግቡ እናቴ! ትርሲዬ፣ ጠጋ ጠጋ!»

ትርሲት ጠጋ ጠጋ አለች። እትዬ አስካለ ከነቅርጫታቸው ገቡ። «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ!» ብለው አባዬን መረቁ። ለትርሲት ደግሞ ቆሎ በእፍኝ ሰጧት።

ቆርጨም! ቆርጨም! ቆርጨም!

ሸዋ ሮቢት ሙቀት ነው። ጋቢው ወለቀ፤ ሹራቡም ወለቀ።

ዛፍ ሥር አንድ ሰው በሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። በብብታቸው አውራ ዶሮ ይዘዋል። ጋሽ ጀማል ይባላሉ፤ እሳቸውም የሚሄዱት ደሴ ነው።

«ቦታ ይገኛል?» አሉ።

«ይገኛል! ጠጋ ጠጋ!» አለች ትርሲት።

ጋሽ ጀማል ገቡ። ጆንያው ገባ። አውራ ዶሮውም ገባና በትርሲት ጆሮ ሥር «ኩኩሉ!» አለ።

«አብሽሪ!» አሉ ጋሽ ጀማል። «አይነክስም፤ ይጮኻል እንጂ።»

ዱባ ትንሽ ዝቅ አለች። ግን ሄደች። ጥር ጥር ጥር!

ኮምቦልቻ ላይ አንድ ወጣት ከበሮ አንግቶ ቆሟል። ማንደፍሮ ይባላል። ቁመቱ ረጅም ነው፤ ከበሮው ሰፊ ነው።

«ነገ ደሴ ሠርግ አለብኝ» አለ። «ትወስዱኛላችሁ?»

አባዬ ወደ ኋላ ዞረ። ቅርጫት፤ ጆንያ፤ ዶሮ፤ ሰው። ወደ ማንደፍሮ ዞረ። «እንግዲህ… ጠጋ ጠጋ!»

ሁሉም «ጠጋ ጠጋ! ጠጋ ጠጋ!» አሉ። ማንደፍሮ ጉልበቱን አጥፎ ገባ። ከበሮው ጉልበቱ ላይ ተቀመጠ።

ዱባ በጣም ዝቅ አለች።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣው ዳገት ሐረጎ ይባላል። ሐረጎ ይጠመዘዛል። ይወጣል፤ ይጠመዘዛል፤ ደግሞ ይወጣል።

ጥር ጥር ጥር… ጥር… ጥር…

«በርቺ ዱባ!» አለች ትርሲት።

ጥር… ጥር…

«በርቺ! በርቺ!»

ፍሽሽሽሽሽ! ከፊቷ ነጭ እንፋሎት ወጣ። ዱባ ቆመች።

አባዬ ፍሬን ያዘ። ማንደፍሮ ዘሎ ወረደና ከጎማዎቹ ኋላ ትልልቅ ድንጋይ አደረገ። እንዲህ ያለው ድንጋይ ታኮ ይባላል፤ መኪና ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ይይዛል።

እትዬ አስካለ ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ አምጥተው ከኋላ መንገዱ ላይ አስቀመጡ። ከሩቅ የሚመጣ ሹፌር ያንን ቅርንጫፍ ሲያይ «አሃ! ወዲያ የቆመ መኪና አለ» ብሎ ቀስ ይላል።

አባዬ ኮፈኑን ከፈተ። «ጠምቷታል፤ ደክሟታልም» አለ። እስክትቀዘቅዝ ጠበቀና ውኃ አጠጣት።

«ጥር ጥር… ብርርር!» ተነሳች! ግን ወደ ፊት አልሄደችም።

«ዳገቱ ከብዷታል» አሉ ጋሽ ጀማል። «ወርደን እንግፋት።»

«አይሆንም!» ብላ ጮኸች ትርሲት። «ማንም አይገፋትም!»

ሁሉም ወደ ትርሲት ዞሩ። አውራ ዶሮው እንኳ አንገቱን አዞረ።

ትርሲት እጇን አጣምራ መቀመጫው ላይ ቀረች። እንባዋ መጣ። ብላ ነበራ! ለጋሽ በላቸው «ማንም ሳይገፋት» ብላ ነበር።

ፀሐይዋ ወደ ተራራው ጀርባ ማዘንበል ጀመረች።

አባዬ በሩ አጠገብ ቁጢጥ አለ። «ትርሲዬ፣ አክስትሽ ነገ ጠዋት የምትጠብቀው ምንድን ነው?»

«ዱባን።»

«ያልተገፋችውን ዱባ ነው? ወይስ ዱባን?»

ትርሲት አሰበች። አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። እንደገና አሰበች።

ዱባ እዚህ ዳገት ላይ ብታድር አክስት ምንትዋብ በሌላ መኪና ልትሄድ ነው። የአባባ ቃል መንገድ ላይ ሊቀር ነው።

ትርሲት በሩን ከፍታ ወረደች። «ሁላችሁም ውረዱ!» አለች። «ዱባን እንገፋታለን! ዛሬ ደሴ ትደርሳለች!»

አለች። አንድ ነገር ካለች ደግሞ፣ አለች ነው!

ጆንያው ወረደ። ቅርጫቱ ወረደ። ዶሮው ወረደ። ከበሮውም ወረደ። አባዬ ብቻ መሪው ላይ ተቀመጠ።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» አሉ እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ እያሰሩ። ትርሲትን ከመንገዱ ዳር፣ ከበሮው አጠገብ አቆሟት። «አንቺ ምቺልን፤ እኛ እንገፋለን።»

ድም! ድም! ትርሲት ከበሮውን መታች። «ግፉ!»

«ሆ!» ብለው ገፉ። ዱባ ትንሽ ወጣች።

«ታኮ!» ብላ ጮኸች ትርሲት። ማንደፍሮ ድንጋዩን አደረገ። ሁሉም ተነፈሱ። እፎይ!

ድም! ድም! «ግፉ!»

«ሆ!» ዱባ ትንሽ ወጣች።

«ታኮ!» እፎይ!

ድም! ድም! «ግፉ!»

«ሆ!»

ጥር… ጥር ጥር… ብርርርርር! ዱባ ጠመዝማዛውን ወጣች! ሜዳው ላይ ስትደርስ ቆማ ጠበቀቻቸው። «ፓፕ! ፓፕ!»

ዕቃውን ተሸክመው መጡ፤ ቅርንጫፉም ከመንገዱ ተነሳ። ከዚያ «ጠጋ ጠጋ! ጠጋ ጠጋ!» ሆነ።

የቀረውን መንገድ ቀስ እያሉ ወጡ። ዱባ ሲደክማት ያርፋሉ፤ ሲጠማት ያጠጧታል።

የደሴ መብራቶች ሲበሩ ዱባ ደሴ ገባች።

አክስት ምንትዋብ ከቤት ሮጣ ወጣች። ዱባን አየች። እጇን አፏ ላይ አደረገች። የዱባን ኮፈን ዳሰሰች፤ መብራቷን ዳሰሰች፤ ሳቀች፤ አለቀሰች።

«የአባባ ቃል ደረሰ» አለች።

ትርሲት ግን እግር እግሯን ታያለች። «አክስቴ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ? ተገፍታ ነው የመጣችው።»

አክስት ምንትዋብ በሳቅ ፈነዳች። «አንቺ ልጅ! እኔስ ትምህርት ቤት ስሄድ ጠዋት ጠዋት ማን ይገፋት የነበረ ይመስልሻል? እኔ ነኛ!»

እሑድ ጠዋት ዱባ ሪባን ታሰረላት። አበባም ተደረገላት። አክስት ምንትዋብ ነጭ ቬሎዋን ሰብስባ ከኋላ ተቀመጠች። ሙሽራው አጠገቧ ገባ።

አባዬ ቁልፉን አዞረ።

ጥር… ጥር… ጭጭ።

እንደገና አዞረ። ጭጭ።

እማዬ ትርሲትን አየቻት። አባዬም አያት። ሙሽራዋም በመስኮቱ አየቻት።

ትርሲት ወደ ማንደፍሮ ዞረች። ማንደፍሮ በዚሁ ሠርግ ላይ ነበር የሚመታው! ከበሮውን አቀረበላት።

ድም! ድም! «ግፉ!» አለች ትርሲት።

ሙሽራው ኮቱን አውልቆ ወረደ። ሚዜዎቹ መጡ። እትዬ አስካለና ጋሽ ጀማልም ትናንት ለሠርጉ ተጠርተው ነበር፤ እትዬ አስካለ መጡ፤ ጋሽ ጀማል «አብሽሩ!» እያሉ መጡ። የሠርጉ ሰው ሁሉ መጣ።

«ሆ! ሆ! ሆ!»

ብርርርርርር! ዱባ ተነሳች። እልልልልል! ሙሽራው እየሮጠ ደርሶ ገባ። «ፓፕ! ፓፕ! ፓፕ!» እያለች ደሴን ዞረች፤ የደሴም ሕፃናት ከኋላዋ ሮጡ።

ማታ ትርሲት አልጋ ላይ ሳለች ስልክ ጮኸ። ጋሽ በላቸው ናቸው።

«እህ? እውነቱን ንገሪኝ፤ ተገፋች አልተገፋችም?»

«ተገፋች!» አለች ትርሲት። «ሐረጎ ላይ ተገፋች፤ ሠርጉ ላይም ተገፋች። ሙሽራው ራሱ ገፋት! ግን ደረሰች!»

ጋሽ በላቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ምነው እኔም እዚያ ኖሬ በገፋሁ» አሉ።

ትርሲት አዘነችላቸው። «አይዞዎት ጋሽ በላቸው። ስንመለስ የሰፈራችን ዳገት ላይ ይጠብቁን። የእርስዎን ቦታ ለማንም አንሰጥም።»

ስልኩ ተዘጋ። እማዬ ጋቢውን አለበሰቻት። በመስኮቱ ሥር ዱባ ከነሪባኗ ቆማለች።

«ደህና እደሪ ዱባ» አለች ትርሲት።

ዱባ ጭጭ አለች። ተኝታለች።

በሉ ልጆች፣ ቀበቷችሁን ፍቱ። ደርሰናል።