ለሐሙስ የተቀጠረችው ምስክር

ብርቅነሽ በዚያ ጠዋት እንደ ወትሮዋ ደጇን ጠርጋ ውኃ ረጨችበት። ከዚያ የምትሸጣቸውን ነጠላዎች ልታመጣ ሽሮ ሜዳ ወዳለው የሸማኔው የሾዴ ክፍል ሄደች። ለጎረቤቷ ሐሙስ ገበያ እንደማትውል ነግራታለች፤ ይግባኝ ሰሚው ችሎት ለምስክርነት ጠርቷታል። ሾዴ ዳቦ ገዝቶ ሲመለስ የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ ወድቃ አገኛት። ጭንቅላቷ የጉድጓዱን የድንጋይ ጠርዝ መትቷል፤ ትንፋሽ የላትም።

ኢንስፔክተር ሰምሀል ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። የሟቿን ቀኝ እጅ ስትፈለቅቅ ከውስጡ የቀይ ጥለት ቁራጭ ወጣ። ቀና ብላ ክፍሉን ቃኘች። መሣሪያው ላይ የተወጠረውም መደርደሪያው ላይ ያለውም ጥለቱ ሰማያዊ ነው።

ጉዳዩን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። የጨርቅ ነጋዴው ዮፍታሔ የሱቁን ሠራተኛ ኢፍቱን አስገድዶ በመድፈር አሥራ ስድስት ዓመት ተፈርዶበት ይግባኝ ብሏል። ከኢፍቱ ቃል ሌላ የነበረው ማስረጃ የብርቅነሽ ብቻ ነው፤ ጩኸቱን ሰምታ የሱቁን በር የደበደበችው እሷ ናት። የይግባኙ ዳኞች ማስረጃውን ከመመዘናቸው በፊት ሴትዮዋን በጆሯቸው ሊሰሙ ፈልገው ነበር።

ሰምሀል ሬሳውን ወደ ሆስፒታል ላከች፣ ጉድጓዱን አስሸፈነች። ከዚያ የዮፍታሔን ወንድምና ሚስት ከሱቃቸው ወደዚያው ክፍል አስጠራች። የላከችው ፖሊስ ስለ ይግባኙ ትፈለጋላችሁ ከማለት በቀር ትንፍሽ እንዳይል አዘዘችው።

ወንድምየው ተክለሃይማኖት እየተናገረ ገባ። «ደግሞ ምን ሰማሁ አለች? በጆሮ ብቻ ወንድሜን አሥራ ስድስት ዓመት አስፈረደችበት።»

«ለማን ነው የምትነግረው?» አለችው የዮፍታሔ ሚስት ማሚቴ፣ የነጠላዋን ጥለት አንገቷ ላይ እንደ ጠመጠመች። «ፖሊሱም የእነሱ ነው።»

ሰምሀል ጠዋት የት እንደነበሩ ጠየቀች። እሱ ከሱቁ ንቅንቅ እንዳላለ፣ ደንበኞቹም እንደሚመሰክሩ ተናገረ። ማሚቴ ሸጎሌ ዘመድ ጋ እንደነበረች፣ ከታክሲ ወርዳ ሱቅ ሳትቀመጥ እንደተጠራች አስረዳች።

«ለቅሶ አለባችሁ?» አለች ሰምሀል።

«ምን በወጣን። ለቅሶ ትመኚልናለሽ?» አለች ማሚቴ።

«ከዘመድ፣ ከጎረቤትም?»

«የለም አልኩሽ።»

«ታዲያ ነጠላዎን ለማን አዘቀዘቁት?»

የማሚቴ እጅ ወደ አንገቷ ሄደ። ተክለሃይማኖት አለባበሷን ገና ያን ጊዜ አስተዋለ።

«ብርቅነሽ ሞታለች» አለች ሰምሀል። «ጋሽ ሾዴን ዳቦ ቤት ወረፋ ላይ ያዩት ሰዎች አሉ። ተክለሃይማኖት ሲዝትባት ሰፈሩ ሰምቷል፤ ዛቻ ብቻውን ግን አያስፈርድም፤ እሱም ከሱቁ አልወጣም። መሞቷን ለእናንተ የነገረ የለም፤ እርስዎ ግን እንደ ለቀስተኛ ለብሰው መጡ። ይህም ብቻውን አይበቃም፤ ሰው ተጣድፎ አገላብጦ ይለብሳል።» ቀዩን ቁራጭ መዳፏ ላይ አኖረች። «ይህን ከእጇ ፈልቅቄ ነው ያወጣሁት፤ እዚህ ክፍል ቀይ ጥለት የለም። የተቀደደ ጥለት ታች ከዋለ ይታያል፤ አንገት ላይ ከተጠመጠመ ይደበቃል። ቀዳዳውን ሲደብቁ ለቅሶውን ገለጡት። ይፍቱት።»

ማሚቴ አልፈታችም። ተክለሃይማኖት የነጠላውን ጫፍ ሳበው። ቀዩ ጥለት መሐሉ ላይ ተቦጭቋል።

«እዚህ ድረስ ተከትዬ ለመንኳት» አለች ማሚቴ። «ጩኸቱ የጠብ መስሎኝ ነበር በይ አልኳት። የሰማሁትን አልሰማሁም አልልም አለችኝ፤ ገፋኋት። ነጠላዬን ይዛ ነው የወደቀችው። ጠበቃው የእሷ ቃል ከተናጋ ነጻ ይወጣል፣ ባይወጣም የልጆች አባት ስለሆነ ቅጣቱ ይቀልለታል ብሎን ነበር።»

«የልጆቹን አባት ልታስፈቺ የልጆቹን እናት አሳሰርሽ» አለ ተክለሃይማኖት፣ ነጠላውን እየለቀቀ።

ሐሙስ ችሎቱ ተሰየመ። የብርቅነሽ የቀድሞ ቃል ከመዝገቡ ተነበበ። ጠበቃው ወረቀት መስቀለኛ ጥያቄ አይመልስም ብሎ ተከራከረ፤ ዳኞቹ ለውሳኔ ቀጠሩ። ኢፍቱ ከኋላ ተቀምጣ ባዶውን የምስክር ቦታ ታይ ነበር። በዚያን ቀን ስትጮኽ የሰማቻት አንዲት ሴት ነበረች። አሁን የለችም።