«ቶሪማ» ከየት መጣች?

መምህሩ ጠረጴዛቸው ላይ እንደተደፉ ሞተው ተገኙ። የልብ መድኃኒታቸው ከልክ በላይ ሆኖ ውሃቸው ውስጥ ተሟሙቶ ነበር። ከጀርባቸው፣ ጥቁር ሰሌዳው ላይ አንዲት ቃል በጠመኔ ተጽፋለች፦ «ቶሪማ»።

መድኃኒቱን በየቀኑ የምትሰጣቸው ሚስታቸው ናትና ጣት ሁሉ ወደ እሷ ተቀሰረ። ባሏን መቅበሯ ሳያንስ ገዳይ ተብላ ልትታሰር ነው። ደግነቱ በእጇ ያሳደገችው የባሏ ታናሽ ወንድም ከጎኗ አልተለየም። «አይዞሽ እትዬ፣ እኔ እያለሁ» እያለ እንባዋን ይጠርግላታል።

ወሬ የማታበዛው መርማሪ ሰሌዳውን አፍጥጣ ስታይ ቆየች። «ይቺ የምን ቋንቋ ናት?»

«የቤታችን» አለች ሚስት። «እሱና ወንድሙ ልጅ ሳሉ የፈጠሩት ነው። እኔም ሙሽራ ሆኜ ስገባ ተማርኩት። እዚህ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ካልደረሰ አዲስ ቃል አይወጣም። የደረሰው ነገር ነው ቃሉን የሚወልደው።»

«ይቺስ ምን ማለት ናት?»

«እኔ እንጃ። ቀትር ላይ ሰሌዳውን ወልውዬ ነው ሐኪም ቤት የሄድኩት። በረዶው የጣለው እዚያ ሳለሁ ነው። አመሻሽ ላይ ስመለስ የጣሪያው መስታወት ተሰብሯል፣ እሱም...»

የመምህሩ ታይፒስት ያን ቀን ሥራ አልገባችም፤ ሆዷ ግን ምስጢር አይቋጥርም። «የቤታቸው ቋንቋ መዝገበ ቃላት ሊታተም ነው። ሽፋኑ ላይ የእሳቸው ስም ብቻ ነው ያለው። ‹የወንድምዎስ?› ብላቸው ‹እሱ ያኔ ሕፃን ነበር› አሉኝ።»

ወንድምየው ትከሻውን ሰበቀ። «ወር ሙሉ ይህን ቤት አልረገጥኩም። ቃሏንም ገና ዛሬ ማየቴ ነው።»

በማግስቱ መርማሪዋ ሦስቱን እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። «የቃሏን ነገር ደርሼበታለሁ» አለች። «ተራ ቃል ናት። መምህሩ ብቻቸውን ተቀምጠው ከአንድ የሽቶ ስም ቆርጠው ያወጧት ናት።»

ወንድምየው ብድግ አለ። «ከየት ያመጡት ወሬ ነው? እኛ ቃል ከሽቶ ላይ አንቆርጥም! በረዶ የጣሪያውን መስታወት ሰብሮ ብርጭቆ ውስጥ ሲገባ ያሰማው ድምፅ ነው! ያወጣኋትም እኔ...» አፉን ያዘ። ግን አምልጦታል።

«ልክ ነው» አለች መርማሪዋ ረጋ ብላ። «ቀትር ላይ ሰሌዳው ባዶ ነበር። በረዶው የወረደው ከዚያ በኋላ ነው። ሚስትየው ሲመለሱ መስታወቱ ተሰብሯል፣ በረዶው ቀልጧል። ብርጭቆ ውስጥ መግባቱን የሚያውቅ፣ ድምፁንም የሰማ፣ ከሟቹ ጋር የነበረ ሰው ብቻ ነው። እርስዎ ደግሞ ወር ሙሉ አልመጣሁም አሉኝ። ያልገባኝ፣ ቃሏን ለምን እንዳላጠፏት ነው።»

«እጄ እምቢ አለኝ» አለ ወንድምየው። «የእኔ ቃል ናት። ጻፋትና ‹ግሩም ቃል ፈጠርኩ› አለ፣ እዚሁ ፊቴ ቆሞ! ስንቱን እንዲህ ወሰደብኝ! ‹ውሃህን ልቀይርልህ› አልኩት።»

ያመኑት ፈረስ በደንደስ ይጥላል። ሚስት እስከዚያች ሰዓት ድረስ እሱን ተደግፋ ነበር የቆመችው።

«እኔስ?» አለችው። «እኔን ሊያስሩኝ ሲመጡ አጠገቤ ተቀምጠህ እንባዬን ትጠርግ ነበር እኮ!»

ወንድምየው እግሯ ሥር ወደቀና በቤታቸው ቋንቋ አንዲት ቃል አንሾካሾከ። ልጅ ሳለ ሲያጠፋ፣ ቀሚሷን ይዞ ይቅርታ የሚጠይቅባት ቃል ነበረች። ከሁለቱ በቀር ትርጉሟ የገባው ሰው አልነበረም።

ቀሚሷን ከእጁ አስለቀቀች።

«እንደ ሰው ተናገር» አለችው።